ያላመኑበትን የጻፉ፤ ስለ አየርላንድ አማልክትና ጀግኖች ታሪክ የቀረበ ሂስ

የአንድ ሕዝብ ጥንታዊ ታሪክ ለባዕድ አንባቢ በሚቀርብበት ጊዜ፥ አቅራቢው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ታሪክ የሚነግረን ማን ነው?» የሚለው ነው። ስለ ግሪክ አማልክት የሚጽፍ ሰው ሆሜርንና ሄሲዮድን ይጠቅሳል፤ እነዚህ ባለቅኔዎች የተናገሩት ሕዝባቸው ያመልካቸው ስለ ነበሩት አማልክት ነውና። ስለ አየርላንድ አማልክትና ጀግኖች የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። በአየርላንድ ቋንቋ የደረሰን የጀግኖች ታሪክ ሁሉ የተጻፈው አገሪቱ ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ፥ በክርስቲያኖች እጅ፥ አብዛኛውም በገዳማት ውስጥ ነው። ስለ ሉግ ወንጭፍና ስለ ኩኹሊን ቁጣ የምናነበው ቃል፥ ዳዊት ከሚደግም፥ ወንጌል ከሚገለብጥ ሰው ብዕር የወጣ ነው።

ይህን ነገር በመቅድማቸው ጠቅሰው የሚያልፉ የመግቢያ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ከታሪኩ ጋራ አያይዘው የሚያስረዱት ግን ጥቂት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የአየርላንድን የጀግኖች ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ በአጭሩ ማስተዋወቅ፥ ከዚያም ታሪኩ እስከ ዛሬ የቀረበበትን መንገድ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጻሕፍቱ እንጀምር። የጀግኖቹን ታሪክ ከያዙት የብራና መጻሕፍት በዕድሜ ቀዳሚው «የቡላዋ ላም መጽሐፍ» የሚባለው ነው። የተጻፈው በ1100 ዓ.ም. ገደማ፥ በሻነን ወንዝ ዳር በሚገኘው በክሎንማክኖይስ ገዳም ነው። ስሙ የገዳሙ መሥራች የቅዱስ ኪያራን ከነበረችው ላም ቆዳ የመጣ ነው ተብሎ ይተረካል። ከጸሐፊዎቹ ዋነኛው ሜል ሙረ የተባለው ሰው እንደ ሆነ ይታመናል፤ እርሱም በ1106 ዓ.ም. በዚያው በክሎንማክኖይስ በዘራፊዎች እጅ ተገድሏል። ከእርሱ በኋላ የመጣ ሌላ እጅ በብዙ ቦታ ፊተኛውን ጽሕፈት ፍቆ የራሱን ጽፎበታል፤ አዲስ ቅጠልም ጨምሮበታል። ዛሬ 67 ቅጠሎች ብቻ ቀርተው በደብሊን ከተማ በአየርላንድ ንጉሣዊ አካዳሚ ይጠበቃሉ። ሁለተኛው «የሌንስተር መጽሐፍ» በ12ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የተጻፈ ሲሆን፥ ሥራው የቴሪግላስ አበምኔት ከነበረው ከኤድ ኡአ ክሪምታን ስም ጋራ የተያያዘ ነው።

ታሪኮቹ ራሳቸው ግን በዕድሜ ከመጻሕፍቱ ይቀድማሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ሰዋስዉን መርምረው፥ አንዳንዶቹ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት በጽሑፍ እንደ ነበሩ ይናገራሉ። ብራና ሲፋቅና ቁም ጸሐፊ ሲጽፍ ላየ አንባቢ ነገሩን ማብዛት አያሻም። አሮጌ መጽሐፍ ይገለበጣል፤ ገልባጩም አንዳንድ ጊዜ ያርማል፥ አንዳንድ ጊዜ ይጨምራል፥ አንዳንድ ጊዜም ያልገባውን ቃል እንዳለ ያሳልፋል።

ዛሬ የሚታተሙት መግቢያዎች ታሪኮቹን በ4 ክፍል ይመድባሉ፤ የአማልክት፥ የአልስተር ጀግኖች፥ የፊንና የጭፍሮቹ፥ የነገሥታት እያሉ። ይህ አመዳደብ ለተማሪ ይመቻል፤ ነገር ግን የአዳዲሶቹ ሊቃውንት ሥራ እንጂ የጥንቶቹ አይደለም። የጥንቶቹ ባለቅኔዎች ታሪክን የሚመድቡት በድርጊቱ ዓይነት ነበር፤ የከብት ዘረፋ፥ የሴት ማጨት፥ የአምባ ማጥፋት፥ የጀግና ልደት፥ የጀግና ሞት፥ የባሕር ጉዞ እያሉ ይዘረዝሩታል። በሌንስተር መጽሐፍ እንደ ተመለከተው፥ ሊቅ የሚባል ባለቅኔ 350 ታሪክ ማወቅ ነበረበት፤ ከነዚህም 250ዎቹ ዋና ታሪኮች፥ 100ዎቹ ተከታዮች ናቸው።

የሁለቱ አመዳደብ ልዩነት ቀላል አይደለም። በአማልክትና በጀግኖች ስም የሚመድብ ሰው «ሕዝቡ ምን ያምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። በድርጊት የሚመድብ ሰው ግን «ዛሬ በዚህ አዳራሽ ለተሰበሰበው ጉባኤ የትኛው ታሪክ ይስማማል?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ የእኛ ነው፤ ሁለተኛው የባለታሪኮቹ ነው። መግቢያ የሚጽፍ ሰው የራሱን ጥያቄ የባለታሪኮቹ አስመስሎ ባቀረበ ጊዜ አንባቢውን ያሳስታል።

ከአልስተር ጀግኖች ታሪክ ዋናው «የኩሊ ከብት ዘረፋ» ነው። በሌንስተር መጽሐፍ እንደሚተረከው፥ የኮናኽት ንግሥት ሜቭና ባሏ አሊል በመኝታቸው ሳሉ «በሀብት ማን ይበልጣል?» ብለው ይከራከራሉ። ዕቃው፥ ጌጡ፥ ልብሱ፥ በጉ፥ ፈረሱ፥ እሪያው ሁሉ ወጥቶ ሲቆጠር ሀብታቸው እኩል ይሆናል። የሚበላለጡት በአንድ ኮርማ ብቻ ነው። ይህ ቀንደ ነጭ ኮርማ የተወለደው በሜቭ መንጋ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን የሴት ከብት መባልን ንቆ ወደ አሊል መንጋ ተሻግሯል። ሜቭም የሚተካከለው ኮርማ በአልስተር ግዛት፥ በኩሊ አገር፥ በዳሬ ቤት መኖሩን ሰምታ መልክተኞች ትሰዳለች። ኮርማውን ለአንድ ዓመት ቢያውሳት 50 ጊደር፥ ርስት፥ ሠረገላና የራሷን ገላ ጭምር ልትሰጠው ቃል ትገባለች። ዳሬ ደስ ብሎት ይስማማል። ማታ ግን መልክተኞቹ ሰክረው፥ ኮርማውን ባይሰጥም በግድ ይወሰድበት እንደ ነበር ሲያወሩ ተሰምተው ነገሩ ይፈርሳል። ጦርነቱ የተነሣው በዚህ ነው።

የአልስተር ወንዶች በዚያን ጊዜ በማኻ እርግማን ተይዘው እንደ ወላድ ሴት ያምጣሉ። ከእርግማኑ ነጻ የሆነው የ17 ዓመቱ ልጅ ኩኹሊን ብቻውን ይቀራል፤ በመልካው ላይ ቆሞም ከኮናኽት ጀግኖች ጋራ አንድ ለአንድ ይገጥማል። ከግጥሚያዎቹ ሁሉ ከፍ ያለው ከፌር ዲያድ ጋራ ያደረገው ነው። ሁለቱ ስካታኽ ከተባለችው ሴት ዘንድ ጦር የተማሩ አብሮ አደጎች ናቸው። ሜቭ ፌር ዲያድን በመጠጥና ልጇን ልትድርለት በሚሰጥ ተስፋ ታባብለዋለች፤ ባለቅኔዎች በነቀፌታ ግጥም እንዲያዋርዱት እንደምታደርግም ታስፈራራዋለች። እርሱም ውርደቱን ፈርቶ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ሲዋጉ ውለው ማታ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ ኩኹሊን ለቁስሉ መድኃኒት ይልክለታል፥ ፌር ዲያድ ከምግቡ ያካፍለዋል፥ ፈረሶቻቸውም በአንድ በረት ያድራሉ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ፈረሶቹም፥ ሠረገላ ነጂዎቹም ተለያይተው ያድራሉ። በአራተኛው ቀን ፌር ዲያድ ይሞታል። ኩኹሊንም ሬሳውን ታቅፎ መልካውን ያሻግረውና ተቀምጦ ያለቅስለታል። አርዲ የምትባለው የላውዝ አውራጃ ከተማ እስከ ዛሬ የምትጠራው በዚያ መልካ ስም ነው።

በመጨረሻ ሁለቱ ኮርማዎች ይገናኛሉ። የኩሊው ኮርማ ቀንደ ነጩን ገድሎ ሥጋውን በቀንዱ ተሸክሞ፥ በየአገሩ እየበተነ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እርሱም ልቡ ፈንድቶ ይሞታል። ስለዚህ ጦርነቱ የተነሣበት ነገር ለማንም አልሆነም። ይህን ፍጻሜ ያበጀ ደራሲ ጀግንነትን ከማወደስ አልፎ የጀግንነትን ዋጋ የሚያሰላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የመኝታው ክርክር በአሮጌው ቅጂ አይገኝም። በቡላዋ ላም መጽሐፍና በኋላ በተጻፈው በሌካን ቢጫ መጽሐፍ የተጠበቀው ቅጂ ጦሩ ከተሰበሰበበት ይጀምራል። ብዙ አንባቢ የጥንቱን የአረማውያን ዘመን ድምፅ የሰማ የሚመስለው በዚህ የባልና የሚስት ክርክር ነው፤ እርሱ ግን በ12ኛው መቶ ዓመት ቅጂ የምናገኘው የአቀናባሪ ሥራ ነው። በዚሁ ቅጂ መጨረሻ ላይ የተሸነፈውን ጦር ፌርጉስ ሲመለከት፥ ባዝራ ከመራችው መንጋ ጋራ ያመሳስለዋል። ስለ ሴት አገዛዝ የተነገረው ይህ ምሬት የጥንቱ ታሪክ ይሁን ወይስ የገልባጩ ዘመን፥ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። ሜቭ በብዙ ሊቃውንት አስተያየት ቀድሞ የአገር ሥልጣን የሚገኝባት አምላክ ነበረች፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ባሏን የምትከራከር ሴት ሆና ትታያለች።

የሌንስተር መጽሐፍ ታሪኩን ሲፈጽም ሁለት የማሰሪያ ቃላትን አስከትሎ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው በአየርላንድ ቋንቋ ነው፤ ታሪኩን ቃሉን ሳይለውጥ በታማኝነት የሚያጠናውን ሁሉ ይባርካል። ሁለተኛው በላቲን ነው፤ ጸሐፊው በዚህ ታሪክ፥ ይልቁንም በዚህ ተረት፥ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደማያምን፥ ከፊሉም የአጋንንት ማታለል እንደ ሆነ ያስታውቃል። እኔ እንደሚመስለኝ የአየርላንድ የጀግኖች ታሪክ ቁልፍ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው። አንዱን እውነት፥ ሌላውን ልማድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። በአገሩ ቋንቋ የተናገረው ቃል የባለታሪክነት ግዴታውን ይፈጽማል፤ በላቲን የተናገረው ደግሞ የክርስቲያንነት ግዴታውን። ሁለቱን ግዴታዎች አላስታረቃቸውም፤ አንዱን ለሌላው ብሎም አልሰረዘም። ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዕሩን አሳረፈ።

ከ1200 ዓ.ም. ገደማ የሚቈጠረው «የሽማግሌዎች ጭውውት» ይህንኑ ጉዳይ በታሪክ መልክ ያቀርበዋል። ከፊን ጭፍሮች የተረፉት ጥቂት ሽማግሌዎች እነ ካይልቸ ከቅዱስ ፓትሪክ ጋራ ይገናኛሉ፤ የየተራራውንና የየምንጩን ታሪክ ይነግሩታል። ቅዱሱ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ደስታው ከጸሎት እንዳያሰናክለው ይሰጋል። ሁለት ጠባቂ መላእክቱን ሲጠይቃቸው ታሪኩን ሰምቶ እንዲያጽፈው ያዙታል፤ ለኋለኛው ዘመን ሰዎች መደሰቻ ይሆናልና። ደራሲው የራሱን ጭንቀት ለቅዱሱ ሰጥቶ፥ ፈቃዱን ከመላእክት ተቀብሏል። እንዲሁም በቡላዋ ላም መጽሐፍ ባለ ሌላ ታሪክ፥ ፓትሪክ ንጉሥ ሎይጋሬን ለማሳመን ኩኹሊንን ከነሠረገላው ከሙታን ያስነሣዋል። የአልስተር ንጉሥ ኮንኾቫርም ክርስቶስ መሰቀሉን በሰማ ጊዜ በቍጣ ተነሥቶ፥ ቀድሞ በራሱ ውስጥ የተሰካው ነገር ፈንድቶ ይሞታል ተብሎ ተጽፏል። መነኮሳቱ ጀግኖቻቸውን ከገነት ውጭ ማስቀረት አልሆነላቸውም።

ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ ኖረዋል። ኬኔት ጃክሰን በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው ንግግሩ፥ የአልስተር ታሪኮች የብረትን ዘመን የምናይባቸው መስኮት እንደ ሆኑ ተናገረ፤ በሠረገላ መዋጋትና የጠላትን ራስ ቆርጦ መውሰድ የጥንት ጸሐፊዎች ስለ ጎል ሰዎች ከጻፉት ጋራ ይስማማልና። ኪም ማኮን በ1990 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ፥ ታሪኮቹ የመጽሐፍ ቅዱስና የላቲን ትምህርት በጠለቀው የገዳም ጉባኤ ውስጥ የተደረሱ መሆናቸውን አጥብቆ ተከራከረ። ከርሰ ምድር የሚመረምሩትም የበኩላቸውን ምስክርነት ሰጥተዋል። የአልስተር ነገሥታት መዲና ኤቪን ማኻ ናት የሚባለው የናቫን ጉብታ ሲቆፈር፥ ስፋቱ 40 ሜትር የሚሆን ክብ የእንጨት ሕንጻ ተገኘ። ማዕከላዊው ምሰሶ የተቆረጠው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ95 ዓመት ገደማ መሆኑ ከእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበት ታውቋል። ሕንጻው ግን የንጉሥ መኖሪያ አልነበረም፤ ከተሠራ በኋላ በድንጋይ ተሞልቶ፥ ተቃጥሎ፥ በአፈር ተከድኗል። በሌላ በኩል በታሪኮቹ ውስጥ የሚብለጨለጨው ብርና ረዥሙ ሰይፍ በአየርላንድ የብረት ዘመን ከተገኘው ዕቃ ይልቅ ለክርስትናው ዘመን ይቀርባል።

ስለዚህ ቦታው እውነተኛ ነው፤ ትዝታውም ረዥም ነው፤ ልብሱና መሣሪያው ግን የጸሐፊዎቹ ዘመን ነው። የጃክሰን መስኮት መስተዋት አለው፤ በመስተዋቱም ላይ የገልባጩ ፊት ይታያል። የማኮንም ወገን ቢሆን፥ መነኮሳቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ሊያገኙት የማይችሉትን ነገር ለምን በዚህ ትጋት እንደ ጠበቁት እስኪያስረዳ ድረስ ሥራው ሙሉ አይሆንም።

ስለ አማልክቱም እንዲሁ ነው። ቱአሃ ዴ ዳናን የሚባሉት ከፎሞሬ ጋራ የተዋጉበት «የማይ ቱረድ ጦርነት» የአየርላንድ የአማልክት ታሪክ ራስ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሙሉ ሆኖ የደረሰን በ16ኛው መቶ ዓመት በተጻፈ በአንድ ብራና ብቻ ነው። የታሪኩ መነሻ የንጉሥ ንፍገት ነው። ንጉሥ ኑአዳ በጦርነት እጁ ተቆርጦ የብር እጅ ሲሠራለት፥ ጉድለት ያለበት አይነግሥምና ብሬስ በምትኩ ይነግሣል። ብሬስ ግን ቢላዋቸው ቅቤ አይነካም፥ ትንፋሻቸውም ጠላ አይሸትም እየተባለ ሰው የሚያማው ንፉግ ሆነ። ኮይርፕረ የተባለው ባለቅኔ ሊጠይቀው ቢመጣ እሳትና አልጋ በሌለበት ጠባብ ጎጆ አሳደረው፤ ሦስት ደረቅ ቂጣም አቀረበለት። ባለቅኔው በማግሥቱ የነቀፌታ ግጥም ገጠመበት፤ ይህም በአየርላንድ የተገጠመ የመጀመሪያው የነቀፌታ ግጥም ነው ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬስ መንግሥቱ አልቀናለትም። ኋላም ሉግ የባሎርን ገዳይ ዓይን በወንጭፍ መትቶ ጦርነቱን ያሸንፋል።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ምን አማልክት ይመለኩ እንደ ነበር ብዙም አይማርበትም፤ ንጉሥ ለባለቅኔ ምን ይገባው እንደ ነበር ግን በደንብ ይማርበታል። በ11ኛው መቶ ዓመት የተቀናበረው «የአየርላንድ አያያዝ መጽሐፍ» ደግሞ ቱአሃ ዴ ዳናንን ከኖኅ ጀምሮ በሚወርድ ሐረግ ውስጥ አስገብቶ፥ አገሩን በየተራ ከያዙት ሕዝቦች አንዱ አድርጓቸዋል። ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሰው፥ የአገርን ታሪክ ከብሉይ ኪዳን ጋራ ማያያዝ ምን ያህል ከባድ አሳብ እንደ ሆነ ያውቃል። ማርክ ዊልያምስ በ2016 ዓ.ም. ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ እነዚህ አማልክት ከአምልኮ ይልቅ በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የኖሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከሁሉ ሚዛናዊው መግቢያ ይህ ይመስለኛል።

በየአገሩ የተሠራጩት መግቢያዎች ግን ከዚህ የራቁ ናቸው። ሌዲ ግሬጎሪ በ1902 ዓ.ም. ያሳተመችው የኩኹሊን ታሪክ ባለቅኔው ዬትስ በመቅድሙ እጅግ ያወደሰው መጽሐፍ ነው። የተበታተኑትን ታሪኮች ከልደት እስከ ሞት አንድ የሕይወት ታሪክ አድርጋ አገጣጠመቻቸው፤ በኪልታርታን ገበሬዎች አነጋገርም ጻፈቻቸው። ቋንቋው ያማረ ነው። ነገር ግን ለአንባቢ አይመችም ያለችውን ብዙ ነገር እንዳስቀረች ራሷ ገልጻለች፤ የቀረውም የሥጋው ነገር፥ አስቂኙና አስፈሪው ነው። የ12ኛው መቶ ዓመት መነኩሴ ያልቆረጠውን የ20ኛው መቶ ዓመት እመቤት ቆረጠችው። ቶማስ ኪንሴላ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው ትርጉም፥ በሉዊ ለ ብሮኪ የቀለም ሥዕሎች የታጀበው፥ ያን ሁሉ መለሰው፤ ድርቁን፥ ሳቁን፥ ቍጣውንም። እርሱም ቢሆን አሮጌውን ቅጂ መሠረት አድርጎ የመኝታውን ክርክር ከሌንስተር መጽሐፍ ወስዶ በራሱ ላይ ስለ ጨመረ፥ በእንግሊዝኛ የምናነበው ታሪክ በየትኛውም ብራና እንዳለ የማይገኝ ነው። ቢሆንም ምን እንደ ወሰደና ከየት እንደ ወሰደ ለአንባቢው ተናግሯል። ለተማሪ አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የሚሰጠው ይህ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። ኩኹሊን ሊሞት ሲል ቆሞ እንዲሞት ራሱን ከድንጋይ ምሰሶ ጋራ እንዳሰረ ይተረካል። ኦሊቨር ሼፐርድ ይህን በ1911 ዓ.ም. ገደማ ቀረጸው፤ ሐውልቱም በ1916 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ለተነሡት ዐርበኞች መታሰቢያ ሆኖ በ1935 ዓ.ም. በደብሊን ፖስታ ቤት ቆመ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ በቤልፋስት ከተማ ከብሪታንያ ጋራ ያለውን አንድነት የሚደግፉት ታጣቂዎች ያንኑ ምስል በግድግዳ ላይ ሥለው፥ አልስተርን ከደቡብ የጠበቀ ጀግና አሉት። ሁለቱም ወገኖች የወሰዱት ከምሰሶው ጋራ የታሰረውን ሰው ነው። በመልካው ዳር አብሮ አደጉን ታቅፎ የሚያለቅሰውን ሰው ከሁለቱ ወገኖች ማንም አልመረጠውም። ታሪኩ ሲያጥር የሚቀረው ፉከራው ነው፤ የሚጠፋው ልቅሶው ነው።

በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሲዮን ሠራተኞቹን ወደ ገጠር ሲልክ፥ ተራኪው የተናገረውን ቃል በቃል እንዲጽፉ፥ ስሙን፥ ዕድሜውንና አገሩን እንዲመዘግቡ አዘዘ። ሰብሳቢው ድምፁን በሰም በርሜል ላይ ቀድቶ ከጻፈ በኋላ፥ ሰሙ ተፍቆ እንደ ገና ይቀዳበት ነበር። ስለዚህ ድምፁ ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ ቀረ፤ የሰብሳቢው ታማኝነትም ብቸኛው ዋስትና ሆነ። በአገራችንም የሽማግሌዎችን ተረት፥ ቀረርቶና የትውልድ ሐረግ የሚጽፉ ተማሪዎች እየበዙ ናቸው። ከመካከላቸው ያላመነበትን ነገር ለማረም፥ ያሳፈረውንም ለማስቀረት የሚፈተን አይጠፋም። የሚያምነውንና የማያምነውን በኅዳጉ ላይ በስሙ ይጻፍ፤ የተራኪውን ቃል ግን እንዳለ ይተወው።